ከመጠን ያለፈ ክብደት እና እርግዝና፦ ከዝግጅት እስከ ድኅረ ወሊድ የሚከናወኑ ሥራዎች በቅደም ተከተል

ይህ መመሪያ ክብደታቸው ከሚመከረው ልክ በላይ ሆኖ ለማርገዝ ለሚያስቡ ወይም አርግዘው ላሉ ሴቶች የተጻፈ ሲሆን፣ አብሯቸው የሚመላለስ የትዳር አጋር ወይም የቤተሰብ አባል ቢያነበውም ይጠቅመዋል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ውፍረት በእርግዝና ወቅት የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የደም መርጋት፣ የጽንስ መቋረጥ፣ በቀዶ ሕክምና መውለድ፣ የሕፃኑ ከልክ በላይ መግዘፍ እና የጽንስ በማህፀን ውስጥ መሞት የሚያጋጥሙበትን ዕድል ከፍ ያደርጋል። ዕድሉ ከፍ አለ ማለት ግን የግድ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ ጤናማ ልጅ ታቅፈው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ልዩነቱን በእጅጉ የሚያመጣው በእርግዝናው ወራት ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ግብግብ ሳይሆን፣ ትክክለኛው ምርመራ በትክክለኛው ሳምንትና በትክክለኛው መሣሪያ መደረጉ ነው። በመሆኑም ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሲያነቡ እያንዳንዱ ሥራ የሚሠራበትን ጊዜ በተለይ ልብ ይበሉ፤ ስለ መድኃኒት ውሳኔ የሚሰጠው ግን የሚከታተልዎት የጤና ባለሙያ ነው።

ደረጃ 1፦ ልክዎን ይወቁ

መነሻው የክብደትና የቁመት ንጽጽር፣ በተለምዶ ቢ.ኤም.አይ. የሚባለው ቁጥር ነው። ክብደትዎን በኪሎ ግራም ይለኩ፤ ቁመትዎን በሜትር ለክተው በራሱ ያባዙት፤ ከዚያ ክብደቱን ለተገኘው ቁጥር ያካፍሉ። ለምሳሌ ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 82 ኪሎ የሆነ ሴት 1.60 በ1.60 ሲባዛ 2.56 ይመጣላታል፤ 82 ለ2.56 ሲካፈል ደግሞ 32 ይሆናል። ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ፣ ከ25 እስከ 29.9 ያለው ከልክ በላይ የሆነ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ውፍረት ተብሎ ይመደባል፤ ውፍረቱም ራሱ 35 እና 40 ላይ ወደሚቀጥለው እርከን ይሸጋገራል።

በስሌቱ ውስጥ የሚገባው ከእርግዝና በፊት የነበረው ክብደት ነው፤ እሱ ካልታወቀ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተመዘነው ይወሰዳል። ቁመትንም በግምት ከመናገር መለካት ይሻላል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ስህተት አንዲትን ሴት ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ሊያሻግራት ይችላልና። ቁጥሩ ስብን ከጡንቻ አይለይም፣ ስለ አንድ ሰው ጤናም ሙሉውን አይናገርም፤ ጥቅሙ የትኞቹ ምርመራዎች ቀድመው መደረግ እንዳለባቸው ማመላከቱ ነው።

ደረጃ 2፦ ገና ካላረገዙ፣ አስቀድመው የሚያከናውኗቸው

ክብደት ለመቀነስ ጊዜው ከእርግዝና በፊት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት ግቡን ከመጠን በላይ ስለሚያርቁት ይመስለኛል፤ ከክብደት ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ብቻ መቀነስ እንቁላል የመልቀቅ ሥርዓትን ሊያስተካክል፣ የደም ግፊትንና የስኳር መጠንንም ሊያሻሽል ይችላል። ከላይ በምሳሌ ላነሳናት ሴት ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ክብደት መቀነስ ሲጀምር የወር አበባ ሳይታሰብ ሊስተካከልና እርግዝና ሊከሰት ስለሚችል፣ ዝግጅትዎ እስኪጠናቀቅ ድረስ የእርግዝና መከላከያ መጠቀምዎን አያቋርጡ።

ፎሊክ አሲድ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ይወሰዳል። ለማንኛዋም ሴት የተለመደው መጠን በቀን 400 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ ውፍረት ባለባት እናት የጽንሱ የነርቭ ዘንግ (ኋላ አንጎልና የጀርባ ነርቭ የሚሆነው) በሚገባ ያለመዘጋት ዕድል ከፍ ስለሚል እንደ ብሪታንያ ባሉ አገሮች ቢ.ኤም.አይ. 30 እና ከዚያ በላይ ለሆነች ሴት 5 ሚሊ ግራም እንዲሰጥ ሲመከር ቆይቷል፤ ለእርስዎ የሚስማማውን መጠን ሐኪምዎን ይጠይቁ። የነርቭ ዘንጉ የሚዘጋው በእርግዝናው የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው፤ ክኒኑ ከእርግዝና በኋላ መጀመሩ የሚጠበቀውን ያህል የማይጠቅመውም ለዚህ ነው።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ለሐኪም ያሳዩ። ሴማግሉታይድን የመሰሉ ክብደት መቀነሻ መርፌዎች በእርግዝና ወቅት አይወሰዱም፤ ሴማግሉታይድ ለማርገዝ ከመሞከር ቢያንስ ሁለት ወር በፊት መቆም አለበት። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ጽንስን ስለሚጎዱ ቀድመው በሌላ ይተካሉ። የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎ ከሆነ ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት ይመከራል፤ ክብደቱ በፍጥነት በሚወርድበት ጊዜ ሰውነት በቂ ንጥረ ነገር አያገኝምና። በዚሁ አጋጣሚ የደም ግፊትና የደም ስኳር ምርመራ ያድርጉ፤ ሳይታወቅ የቆየ የስኳር በሽታ በእርግዝናው የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ ከተደረሰበት ጽንሱ የሚሠራበት ወሳኝ ጊዜ አልፎ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ክትትል፣ ከ12ኛው ሳምንት በፊት

በዚህ ቀጠሮ ላይ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለደም ግፊት አለካክ ነው፤ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የሚታለፍ ነገር ነውና። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ማሰሪያ ለክንዱ ጠባብ ከሆነ መሣሪያው ግፊቱን ካለው በላይ አድርጎ ያሳያል። ውጤቱም ሁለት ዓይነት ጥፋት ነው፦ ግፊት የሌላት ሴት ግፊት አለባት ተብላ መድኃኒት ይታዘዝላታል፤ ወይም ባለሙያው ‹‹ማሰሪያው ስለጠበበ ነው›› ብሎ እውነተኛውን ከፍተኛ ግፊት ያልፈዋል።

ስለዚህ ከመለካትዎ በፊት የክንድዎ ዙሪያ በሜትር እንዲለካ ይጠይቁ። ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ያለው ርዝመት መሃሉ ላይ ምልክት ይደረግና ዙሪያው እዚያ ላይ ይለካል። መካከለኛው የአዋቂ ማሰሪያ በአብዛኛው ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ፣ ትልቁ ከ35 እስከ 44 ሴንቲ ሜትር ለሆነ፣ ከዚያ ለሚበልጠው ደግሞ የጭን ማሰሪያ የሚባለው ያገለግላል። በማሰሪያው ላይ ራሱ መጠኑ ስለሚጻፍ አይተው ማረጋገጥ ይችላሉ። ከዚያ ፊኛዎን ባዶ አድርገው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ ሁለቱንም እግር መሬት አስረግጠው ሳያጣምሩ ለ5 ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጡ፤ እጅጌው ተገልጦ ክንዱ በልብ ትክክል ይደገፍ፤ በልኬቱ ጊዜም አይናገሩ። የተስማማዎትን የማሰሪያ መጠን በክትትል ካርድዎ ላይ ያስጽፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚለካዎት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ክንድ ከላይ ሰፍቶ ወደ ክርን የሚጠብ ሆኖ ማሰሪያው የሚንሸራተት ከሆነም ይህንኑ ይንገሯቸው፤ በዚህ ጊዜ በፊት ክንድ ላይ መለካት አንዱ አማራጭ ነው።

በዚሁ ቀጠሮ የሚጠየቁ ሌሎች አራት ነገሮች አሉ። አንደኛው የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ነው፤ ውፍረት ባለባቸው ሴቶች የወር አበባ ብዙ ጊዜ ስለሚዛባ የእርግዝናውን ዕድሜ በመጨረሻው የወር አበባ ቀን ብቻ መቁጠር ያሳስታል፣ የመውለጃው ጊዜ ሲደርስም ያለጊዜው ምጥ ወደማስጀመር ወይም ከልክ በላይ ወደመጠበቅ ያደርሳል። ሁለተኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደረግ የደም ስኳር ምርመራ ነው፤ ዓላማው ከእርግዝናው በፊት የነበረን ስኳር ለይቶ ማውጣት ነው።

ሦስተኛው አስፒሪን ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ በከፍተኛ ደም ግፊትና ብዙ ጊዜም በሽንት ውስጥ በሚገኝ ፕሮቲን የሚገለጠው በሽታ፣ በውፍረት ምክንያት ዕድሉ ይጨምራል። ከ75 እስከ 150 ሚሊ ግራም የሆነ አነስተኛ የአስፒሪን መጠን ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ በተለይም ከ16ኛው ሳምንት በፊት ሲጀመር ይህን ዕድል ይቀንሳል። ቀድሞ ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባት፣ የቆየ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት በሽታ ያለባት ሴት በቀጥታ የምታገኘው ሲሆን፣ ለሌሎች ደግሞ ውፍረቱ ከሌላ ምክንያት ጋር፣ ለምሳሌ ከመጀመሪያ እርግዝና፣ ከመንታ፣ ዕድሜ ከመግፋት ወይም እናት ወይም እህት በበሽታው ከመያዟ ጋር ሲደመር ይታሰባል። በራስዎ ውሳኔ አይጀምሩት፤ ነገር ግን ‹‹አስፒሪን ያስፈልገኛል ወይ?›› ብሎ መጠየቅን ለሚቀጥለው ቀጠሮ አያሳድሩት፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ምናልባት 16ኛውን ሳምንት ያልፍ ይሆናል። አራተኛው የደም መርጋት ግምገማ ነው፤ እርግዝና ራሱ ደምን የመርጋት ዝንባሌ ስለሚሰጠው ውፍረት፣ አልጋ ላይ መዋልና ቀድሞ የነበረ መርጋት ሲደራረቡ ሄፓሪን የሚባለውን የደም መርጋት መከላከያ በመርፌ መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል።

ደረጃ 4፦ የክብደት ጭማሪን መምራት

በእርግዝና ወቅት ክብደት ለመቀነስ መራብ አይመከርም። የሚደረገው ጭማሪውን በልክ መያዝ ነው። በአሜሪካ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ፣ ለአንድ ጽንስ በጤናማ ክብደት ለጀመረች ሴት ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ፣ ቢ.ኤም.አይ. ከ25 እስከ 29.9 ለሆነች ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ለሆነች ደግሞ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ጠቅላላ ጭማሪ ያስቀምጣል። ለመጨረሻዋ ከአራተኛው ወር በኋላ ይህ በሳምንት ወደ 220 ግራም ገደማ፣ በወር ደግሞ አንድ ኪሎ አካባቢ ማለት ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በዚያው ሚዛን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላና ከቁርስ በፊት፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑና ከሳምንቱ ቁጥር ጎን ይጻፉት። በየቀኑ መመዘን ጭንቀት እንጂ ዕውቀት አይጨምርም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንገት አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረና ፊት ወይም እጅ ካበጠ ምግብን ከመወንጀል በፊት የደም ግፊት መለካት ይቀድማል፤ የጨመረው ውሃ ሊሆን ይችላልና።

‹‹ለሁለት ብዪ›› የሚለው ምክር ከፍቅር የሚመነጭ ቢሆንም ልክ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሰውነት ከወትሮው የበለጠ ምግብ አይፈልግም፤ በኋላም የሚፈልገው ጭማሪ መጠነኛ ነው። ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ጣፋጭ መጠጦችን በውሃ መተካት፣ ከሳህኑ ግማሹን በአትክልት መሙላት፣ በእያንዳንዱ ማዕድ ላይ ፕሮቲን እንዲኖር ማድረግ፣ ረጅም ሰዓት ሳይበሉ ቆይተው በአንድ ጊዜ አለመጥገብ ነው። የሚከለክል ምክንያት ከሌለ በሳምንት በድምሩ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርጉ። ከዚህ በፊት እንቅስቃሴ ያላደረገች ሴት በቀን ከ10 ደቂቃ የእግር ጉዞ ጀምራ ቀስ በቀስ ልታሳድገው ትችላለች። መጠኑን የሚያውቁት እየተራመዱ መነጋገር ሲችሉ ነው፤ መናገር ካቃተዎት ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ደም ከታየ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ደረት ካመመ ወይም ራስ ካዞረዎት ያቁሙና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ከ18ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት

የጽንሱን አካላት በዝርዝር የሚያሳየው አልትራሳውንድ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ይደረጋል። የሆድ ስብ የድምፅ ሞገዱን ስለሚያዳክመው ልብና ጀርባ አጥንት በጥራት ላይታዩ ይችላሉ። ባለሙያው ‹‹አልታየኝም›› ካለ ‹‹ችግር አለ›› ማለቱ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ምርመራውን ከአንድ ወይም ሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ነውና ቀጠሮውን ሳይዙ አይውጡ። በኋላም የማህፀንን ከፍታ በሜትር በመለካት የጽንሱን ዕድገት መገመት አስተማማኝ ስለማይሆን፣ ዕድገቱ በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይጠይቁ።

ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የእርግዝና ስኳር ምርመራ ይደረጋል፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ የተደረገው ጤናማ ቢሆንም እንኳ ይደገማል፣ የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ በጣም የሚያዳክሙት በዚህ ጊዜ ነውና። ሌሊቱን ሳይበሉ አድረው ደም ይሰጣሉ፤ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣሉ፤ ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ደም ይሰጣሉ። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አንድ ቁጥር ብቻ የእርግዝና ስኳር አለ ለማለት በቂ ነው። የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ግን ይህ ጣፋጭ ፈሳሽ ሊያስታውካትና ሊያደክማት ስለሚችል በሌላ ዘዴ እንድትመረመር አስቀድማ ትንገር።

ስኳር ከተገኘ መጀመሪያ አመጋገብና እንቅስቃሴ ይስተካከላል፣ ስኳሩም በቤት ውስጥ ይለካል። የተለመደው ግብ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 በታች ነው። በዚህ መጠን ካልወረደ ኢንሱሊን ወይም ሜትፎርሚን ይጨመራል። ኢንሱሊን መጀመር የእናትየው ስንፍና ምልክት አይደለም፤ እንግዴ ልጁ የሚያመነጨው ሆርሞን በአመጋገብ ብቻ የማይረታበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 6፦ የማይታለፉ ምልክቶች

ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት ወደ ፕሪኤክላምፕሲያ ያመለክታሉ፤ የደም ግፊቱ 140/90 ሲደርስ በቶሎ መታየት፣ 160/110 ሲደርስ ደግሞ በዚያኑ ሰዓት መታከም ያስፈልጋል። የአንድ እግር ብቻ ማበጥና መታመም፣ ድንገተኛ ትንፋሽ ማጠር፣ በሚተነፍሱ ጊዜ የሚወጋ የደረት ሕመም የደም መርጋት ሊሆኑ ይችላሉ። የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስም በዚያው ቀን ይታያል፤ ‹‹ስብ ስላለ አይሰማም›› የሚለውን ምክንያት አይቀበሉ፣ ወሳኙ ነገር ከለመዱት መቀነሱ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማነሳው ነገር አለ። ወፍራም ሴት ‹‹ትንፋሽ አጠረኝ›› ስትል ‹‹ከክብደትሽ ነው›› ተብላ የምትሸኝበት ጊዜ ቀላል አይደለም፤ የሳንባ ደም መርጋት ሳይታወቅ የሚያልፍበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው። በዚህ ጊዜ ‹‹ትናንት እስከዚህ ደረጃ ድረስ እወጣ ነበር፣ ዛሬ ግን ግማሹ ላይ ቆምኩ›› ብለው ለውጡን በተግባር ይግለጹ፤ የልብ ምትና የኦክስጅን መጠን እንዲለካም በግልጽ ይጠይቁ። አብሮዎት የሄደ ሰው ይህንኑ ቢደግምልዎት ይበልጥ ይደመጣሉ።

ደረጃ 7፦ የወሊድ ዝግጅት

ቀዶ ሕክምና፣ ደምና የማደንዘዣ ባለሙያ በአንድ ቦታ የሚገኙበትን ተቋም ይምረጡ። በተለይ ቢ.ኤም.አይ. 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር አስቀድሞ መገናኘት ያሻል፤ በጀርባ የሚሰጠውን መርፌ ቦታ ማግኘትም ሆነ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ጊዜ የሚወስድ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ በጥድፊያ መካከል ከሚታወቅ ቀድሞ መታወቁ ሕይወት ያድናል። የአልጋውና የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው የመሸከም አቅም ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ውፍረት ባለባቸው እናቶች የምጡ የመጀመሪያ ክፍል፣ በተለይም የማህፀን በር 6 ሴንቲ ሜትር እስኪከፈት ድረስ፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል። እናትና ልጅ ደህና እስከሆኑ ድረስ ይህ መዘግየት ብቻውን ለቀዶ ሕክምና ምክንያት መሆን የለበትም። የጽንሱ የልብ ምት በሆድ ላይ በሚታሰረው መሣሪያ በደንብ ካልተሰማ ሌላ መከታተያ ዘዴ አለ። ልጁ ትልቅ ሲሆን ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ሊያዝ ይችላል፤ ስለዚህ በዚህ የሠለጠነ አዋላጅ ቢገኝ ይመረጣል። ልጁ እንደወጣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን መውጋት የደም መፍሰስን ይቀንሳል። ቀዶ ሕክምና ከተደረገም አንቲባዮቲኩ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት፣ ክብደትን ባገናዘበ መጠን መሰጠት አለበት፤ ቁስል የማመርቀዝ ዕድል ከፍ ስለሚል ይህን አስቀድሞ ማስታወስ ጥሩ ነው።

ደረጃ 8፦ ከወሊድ በኋላ

የደም መርጋት አደጋ ከፍተኛ የሚሆነው ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ስለዚህ በተቻለ ፍጥነት ከአልጋ ይነሱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ የታዘዘልዎትን ሄፓሪን ሕመም ስለሌለዎት ብቻ አያቋርጡ። የደም ግፊትም ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ከፍ ይላል፤ በእርግዝናው ወቅት ግፊት ከነበረ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላም ይለኩ። ቀዶ ሕክምና ከነበረ ከሆድ እጥፋት ሥር ያለው ቁስል በየቀኑ ደርቆና ንጹሕ ሆኖ መቆየት አለበት፤ መቅላት፣ መምገል ወይም ሽታ ካለ ለሐኪም ያሳዩ።

ወተት ከሌሎች እናቶች ጥቂት ቀን ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ልጁን በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ላይ ማድረግ፣ ቆዳን ከቆዳ ማገናኘት፣ በቀን ቢያንስ 8 ጊዜ ማጥባትና ጡት ትልቅ ከሆነ በእጅ ደግፎ ወይም በጎን ተኝቶ መስጠት ይረዳል። እናትየው ስኳር የነበረባት ከሆነ የሕፃኑ የደም ስኳር ከወሊድ በኋላ ባሉት ሰዓታት ይለካል፤ ዝቅ ሊል ስለሚችል ቶሎ ማጥባት ሕክምናውም ነው። ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣትና ከልጁ መራቅ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ይናገሩ፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ በነዚህ እናቶች ላይ ከሌሎች ይበዛል።

ኤስትሮጅን ያለበት መከላከያ ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት አይሰጥም፤ ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበር መከላከያ ይሻላል። ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ቢቆይ ይመከራል፤ በመሃሉ የቀነሰ ክብደት ለሁለተኛው ልጅ የሚሠራ ነውና። የእርግዝና ስኳር ከነበረብዎ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ የ75 ግራም ምርመራው ይደገም፤ ጤናማ ቢሆንም በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ ስኳርዎን ይለኩ። ይህን ቀጠሮ ከሕፃኑ ክትባት ቀን ጋር አንድ ላይ ቢያስይዙት ሁለት ጊዜ መመላለስ አይኖርብዎትም።